ከሸለቆው ማዶ ያነጣጠረብኝ ሰው

በረጅም ሌንስ ሩቅ ያለ ነገር ስታዩ፣ ያ ነገር መልሶ ሲያያችሁ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። አምና ኅዳር ላይ ነበር፣ ከደባርቅ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ገደል አፋፍ። እስከ ዛሬ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሰው ከኋላዬ ሲጠራኝ እጄ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ጎንደር ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ትምህርት በሌለ ቀን አራዊትና አዕዋፍ ፎቶ አነሳለሁ። ለአራት ዓመት የተጠቀምኩባት ካሜራ ትንሽ ነበረች። በእሷ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ለማንሳት ሃያ እርምጃ ያህል መጠጋት ነበረብኝ። ለመጠጋት በሰው ማሳ ዳር ማለፍ ግድ ነው። ለማለፍ ደግሞ ሰላም ማለት፣ ከየት እንደመጡና ምን እንደሚፈልጉ ማስረዳት አለ። አንዳንድ ቀን አንድም ፎቶ ሳላነሳ፣ ጠላ ብቻ ጠጥቼ ተመልሻለሁ። ያኔ ይህን ሁሉ የባከነ ሰዓት አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

ስለዚህ ዕቃዬን ቀየርኩ። ሰርግ የሚያነሳ ወዳጄ የሚሸጥ ረጅም ሌንስ ነበረው። ሲያስረክበኝ፣ «መምህር፣ በዚህ እኮ ሙሽራዋን ሳይሆን ሙሽራዋ የምታስበውን ነው የምታነሳው» ብሎ ሳቀብኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ረጅም ሌንስ ሩቁን ያቀርባል፤ በምትኩ ዙሪያውን ይቆርጣል። በዓይናችን ስናይ ገደሉንም፣ መንገዱንም፣ የሚመጣውንም ሰው አብረን እናያለን። በሌንሱ ስናይ ግን በበር ቀዳዳ እንደ ማየት ነው። ክብደቱም እጅ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ገለባ የሞላሁት ከረጢት ላይ አስደግፌ፣ በደረቴ ተኝቼ ማንሳት ተለማመድኩ። እያብለጨለጨ ወፍ እንዳያስበረግግም ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ አረንጓዴ ጨርቅ አለበስኩት። ሁሉንም በሥርዓት ሳዘጋጅ የረሳሁት ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ላነሳ የፈለግኩት፣ አጥንት ከሰማይ ወደ ድንጋይ ጥሎ የሚሰብረውን ትልቅ አሞራ ነበር። ጎጆው ከሸለቆው ማዶ ካለው ገደል ወገብ ላይ ነው። ቅዳሜ ማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትጠነክር ለመድረስ እየተጣደፍኩ በመንደሩ ጥግ አለፍኩ። ውሾች ጮኹብኝ። አንዲት ሴት ከአጥር ውስጥ «ማነህ?» አለችኝ። እጄን አውለብልቤላት ሄድኩ። ከእንግዲህ ወደ ማንም መጠጋት አያስፈልገኝማ!

አፋፉ ላይ ተኛሁ። ብርቱካን ልጬ እየበላሁ አሞራውን ጠበቅኩ። ከማዶ አንድ ረጅም ጥሪ ተሰማ። ከብት የሚመልስ ሰው መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ተጣራ። በአጠገቤ ሣር ይግጡ የነበሩት ጭላዳዎች በአንድ ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ተራ በተራ ወደ ገደሉ ወረዱ።

ጭላዳ ሲግጥ ከጓደኞቹ ጋር ድምፅ መለዋወጡን አያቋርጥም። ዝም ካለ የፈራው ነገር አለ። ይህን እኔው ራሴ አስተምራለሁ። ያን ቀን ግን ቀና ብዬ ዙሪያዬን አላየሁም። «ነብር ይሆናል» ብዬ ጓጓሁና ማዶውን በሌንሱ መፈተሽ ጀመርኩ።

ከጎጆው በታች፣ ከሁለት ድንጋዮች መሃል፣ አንድ ብዥ ያለ ጥቁር ነጥብ አየሁ። ቀጥሎ ያደረግኩት ነገር ያሳፍረኛል። በልማድ የሌንሱን ቀለበት አዙሬ አጠራሁት። ነጥቡ አፈሙዝ ሆነ። ከአፈሙዙ ኋላ አንድ የተጨፈነ ዓይን፣ አንድ የተከፈተ ዓይን። አንገቱ ላይ ያለው ማተብ ሳይቀር ይታየኛል። የተከፈተው ዓይን የሚያየው እኔን ነው። ጣቴ ሳላዘው ቁልፉን ተጫነ። ካሜራው ቀጭ አለ።

ያኔ ከማዶ ሆኖ ለሚያየኝ ምን እንደምመስል ገባኝ። በደረቱ ተኝቶ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ወደ እሱ የደገነ ሰው! ብነሳ ይተኩሳል። ብተኛም ይተኩሳል።

«አትነሳ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ። «እጅህን ከብረቱ ላይ አንሳ። ቀስ።»

አነሳሁ። አንገቴን ዞር ሳደርግ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከግርጌዬ በኩል ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከዱላ በቀር የያዙት የለም።

«ምነው ልጄ? ማንን ልትጥል ነው?»

«አሞራ ነው አያ! አሞራ ፎቶ ላነሳ ነው። መምህር ነኝ።»

«መምህር በደረቱ ተኝቶ ነው እንዴ የሚያስተምር?»

«ቅዳሜ ትምህርት የለም» አልኩ።

ሽማግሌው አልፈውኝ ከሌንሱ ፊት ቆሙ። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ከፍ አድርገው፣ «ፈንታሁን! ጠመንጃውን መልሰው! ሰው ነው!» ብለው ተጣሩ። ገደሉ ድምፃቸውን ደጋገመው።

መለስ ብለው፣ «ይኸ ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ። በሌንሱ እንዲያዩ ቦታ ለቀቅኩላቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

«ልጄ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አፈሙዙን መልሷል። እጁ ይንቀጠቀጣል።»

ከዚያ ከጎኔ ተቀመጡ። አያ አዳነ ይባላሉ። ከሳምንታት በፊት ከብት የሚነዱ ሌቦች እኔ ከተኛሁበት ከዚሁ አፋፍ ተኩሰው ጎረቤታቸውን ገድለውታል። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ከማዶ ሆኖ አፋፉን በተራ ይጠብቃል።

«ሁለቴ ጠራንህ» አሉኝ። «እኛ ያላወቅነውን ሰው ሦስቴ እንጠራለን። አቤት ካለ እንግዳ ነው፣ ቤት ይገባል። ሦስተኛውንም ዝም ካለ…» አልጨረሱትም። «ምነው አቤት አላልህ?»

«ከብት የሚጠሩ መስሎኝ።»

«ከብትስ ሲጠሩት ዞር ይላል!»

«ታዲያ እርስዎ እንዴት መጡ?» አልኳቸው።

«ብርቱካን ስትልጥ ከዚህ ከላይ ሆኜ አየሁህ። ለግድያ ያደባ ሰው ተደላድሎ ብርቱካን አይልጥም አልሁ። ለልጄ እንዳልነግረው ማዶ ነው፤ ብጮህ አንተ ትደነግጥና ትነሳለህ፣ እሱም ይተኩሳል። ስለዚህ መጥቼ ከኋላህ ቆምሁ። አንተን የሳተ ጥይት እኔን ያገኛል። አባቱን እያየ አይተኩስም።»

ይህን የተናገሩት ስለ እርሻ እንደሚያወራ ሰው ነበር።

ቤታቸው ወሰዱኝ። ከአጥር ውስጥ «ማነህ?» ያሉኝ ሴት ባለቤታቸው ነበሩ። ውሃ ሰጡኝና፣ «ስምህን ብትነግረኝ ምን ትሆን ነበር?» አሉኝ። ፈንታሁን ዘግይቶ መጣ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ተቀመጠ። ካሜራውን ከፍቼ ፎቶውን አሳየሁት። እሱም እንደ አባቱ ብዙ ቆየ።

«እኔ እንዲህ ነው የምመስል?» አለኝ። ከዚያም፣ «አጥፋልኝ» አለ።

አጠፋሁለት። አሁን ፎቶው የለኝም፤ ያ የተከፈተ ዓይን ግን ሳልፈልገው ይመጣብኛል። ሌንሱን አልሸጥኩትም፤ አረንጓዴውን ጨርቅ ግን ቀድጄ ጣልኩት። ገደል ጫፍ ላይ ስተኛ ዛሬም ጀርባዬ ይቀዘቅዛል። በፈንታሁን ተናድጄ አላውቅም። በእሱ ቦታ ብሆን ሦስተኛውን ጥሪ እስክጠራ መታገሤን እጠራጠራለሁ።

እንደ እኔ አዲስ ዕቃ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩልኝ። ጓደኛችሁ ሌንሱን ይዞ፣ እናንተ በምትተኙት ዓይነት ይተኛና ወደ እናንተ ያነጣጥር። እናንተ ሁለት መቶ እርምጃ ራቁ። አጠገባችሁ ስለ ካሜራ የማያውቅ አንድ ትልቅ ሰው አቁሙና፣ «ያ ሰው ምን የያዘ ይመስልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙት። ከዚያ ስትሄዱ መጀመሪያ መንደሩ ግቡ፤ ስማችሁንም ተናገሩ።