መብረቅን የገደልኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር በዚህ ብሎግ ላይ ጽፌው አላውቅም። ስለ መዥገር ጽፌያለሁ። በመተማ ሙቀት ውሻ ውሃ እንዳያጣ ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ የወለደች ድመት ምን እንደምትበላ፣ ቡችላ ከእናቱ መቼ እንደሚለይ ጽፌያለሁ። ስለ ሱካርም በየጊዜው ጽፌላችኋለሁ፤ ከሰሊጥ መጋዘን አንስቼ ያሳደግኳት፣ አሁንም ጭኔ ላይ የተኛችው ድመቴ ናት። «እንዳንቺ እንስሳ የሚወድ አላየንም» እያላችሁ ስትጽፉልኝ አንብቤ ዝም ብያለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን እየተናዘዝኩ ይህን ዘልዬው ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ለእናንተ እናገራለሁ። እኔ ውሻ ገድያለሁ። በመርዝ ገድያለሁ። የገደለው ሌላ ሰው ነው ሲባልም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አንዲት ቃል ጨመርኩበት።

ያኔ የምንኖረው ኮኪት ነበር። አባቴ ሰሊጥና ማሽላ ያርስ ነበር። እኔ ትምህርት አቋርጬ ቤት የተቀመጥኩ ኮረዳ ነበርኩ። ከአጥራችን ወዲያ እትዬ ዘርፌ ይኖሩ ነበር፤ ለአጨዳ ከደጋ ለሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ምግብና ሻይ እየሸጡ የሚተዳደሩ፣ ባልም ልጅም የሌላቸው ሴት። ያላቸው መብረቅ ነበር። ደረቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቅ ጥቁር ውሻ። እትዬ ዘርፌ እሱን ሲያናግሩ ከአጥር ማዶ የሚሰማ ሰው ከልጃቸው ጋር የሚያወሩ ነበር የሚመስለው። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነህ ነው ያልበላኸው?» ይሉታል፤ ከዚያ መልሱን እንደሰማ ሰው ዝም ይላሉ።

በዚያ ዓመት ከሠራተኞቹ መሃል ይመር የሚባል የወሎ ልጅ ነበር። ማደሪያ ስላልነበረው እትዬ ዘርፌ በራኩባው ሥር፣ ደንበኞቻቸው ከፀሐይ በሚጠለሉበት የሣር ዳስ፣ እንዲተኛ ፈቀዱለት። ከአጨዳ ሲመለስ ፊቱን ሳይታጠብ መብረቅን ይጠራል። ከራቱ ላይ ግማሹን በአንዲት ጣሳ አስቀርቶ ይሰጠዋል። መብረቅ ከሁለት ሰው እጅ በቀር አይበላም ነበር፤ ከእትዬ ዘርፌና ከይመር። መንደሩ ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

እንግዲህ ለምን ገደልኩት? ብትሉኝ፣ ሳፍርበት የኖርኩትን ምክንያት እነግራችኋለሁ። አንድ የትራክተር ሹፌር ወድጄ ነበር። ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ በሙቀቱ ተሸንፎ በየጥላው ሲያሸልብ፣ በአጥራችን ጀርባ ይመጣ ነበር። እሱ ብቅ ሲል መብረቅ ይጮሃል። አባቴ አንድ ቀን በጩኸቱ ነቅቶ ዱላ ይዞ ወጣ፤ ሹፌሩ ለጥቂት አመለጠ። አባቴ ማን እንደሆነ ባያይም ለምን እንደተመጣ አልጠፋውም። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ካየ ወደ ጎንደር ወስዶ ለማላውቀው ነጋዴ እንደሚድረኝ ነገረኝ። ፈራሁ። ፍርሃቴን እንደ ሰበብ አላቀርበውም። ስንት ልጃገረድ ፈርታለች፤ ስንቷ ናት መርዝ ያነሳችው?

እኔ አነሳሁ። አባቴ ለዘር የሚጠቀምበት የተባይ መድኃኒት ጎተራው ጥግ ነበር። ከሥጋ ጋር ለወስኩት። እትዬ ዘርፌ ወፍጮ ቤት ሄደዋል፤ ይመር አጨዳ ላይ ነው። በአጥሩ ሽንቁር ገብቼ ሥጋውን በእጄ ዘረጋሁለት። መብረቅ እጄን አሸተተና ፊቱን አዞረ።

ያን ጊዜ ማቆም እችል ነበር። እግዜር ከዚያ በላይ ምን ዕድል ሊሰጠኝ ነው? ውሻው ራሱ እምቢ አለኝ። እኔ ግን ቀና ስል ከራኩባው ምሰሶ ላይ የተሰቀለችውን የይመርን ጣሳ አየሁ። አወረድኳት። ሥጋውን ጨመርኩባት። ጣሳዋ የይመር መሆኗን ሳላውቅ ነው? አውቄያለሁ። አውቄ ነው ያወረድኳት። መብረቅ ጣሳዋን ሲያይ ጅራቱን እየቆላ መጣና በላ።

ቶሎ አልሞተም። ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ አየሁት። እትዬ ዘርፌ የዱቄት ከረጢታቸውን በር ላይ ጥለው ሮጡ፣ ጭንቅላቱን አቅፈው ወተት ሊያጠጡት ሞከሩ። ስሙን ደጋግመው ጠሩት። እኔ ያን ድምፅ እየሰማሁ ቤቴ ገብቼ እጄን ታጠብኩ።

ሰው ተሰበሰበ። ጣሳዋ ተገኘች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔን አስጠሩኝና፣ «ልጄ፣ አንቺ ቀኑን ሙሉ ቤት ነበርሽ፤ ይህች ጣሳ የማን ናት?» አሉኝ።

«የይመር ናት» አልኩ።

እውነት ነበር። ስንት ሌሊት ይህን ለራሴ ነግሬዋለሁ መሰላችሁ! «እኔ ምን ዋሸሁ? ጣሳዋ የሱ ናት አልኩ እንጂ ገደለ መቼ አልኩ?» እያልኩ። ግን ያቺን እውነት የተናገርኩት ለውሸት ነው። ሰውን የምታጠፋው እሷ እንደሆነች ከአፌ ሳትወጣ አውቃለሁ።

ይመር ከአጨዳ ሲመለስ መብረቅን መሬት ላይ አየው። ተንበረከከ። እጁን ደረቱ ላይ ከማድረጉ ሰዎች አንገቱን ይዘው አስነሱት። በአላህ ስም ማለ፣ ለመነ። ማን ይስማው? ጠዋት ከመውጣቱ በፊት መርዙን በጣሳው ትቶለት ሄዷል ተባለ። እንደ ልጅ ያበሉት እትዬ ዘርፌ ፊቱ ላይ ተፉበት። ያን ቀን ከኮኪት እየገፉ አስወጡት፤ ልጆች ጓል እየወረወሩ እስከ አብርሃ ጅራ መንገድ ሸኙት። ወሬውም ቀድሞት ሄደ። ያበላውን ቤት ውሻ የገደለ ሰው ተብሎ፣ በዙሪያው ባለው እርሻ ሁሉ ማንም አላስጠጋውም። ሹፌሩስ? አጨዳው ሲያልቅ ድንበሩን ተሻግሮ ገዳሪፍ ገባ፤ ዳግም አላየሁትም። ያን ሁሉ ያደረግኩት ለዚህ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ወደ መተማ ዮሐንስ መጥቼ የሞባይል ሱቅ ከፈትኩ። ሱካርን ያገኘኋት ያኔ ነው። ከሷ ቀጥሎ እግሩን መኪና የሰበረው ውሻ መጣ፣ ከሱ ቀጥሎ ሌላ። ብሎጉን በስልኬ መጻፍ ጀመርኩ። ከጎንደር፣ ከሁመራ፣ ካርቱም ካሉ ወገኖች ሳይቀር ጥያቄ ይመጣልኝ ጀመር። ይህን ያደረግኩት እንስሳ ስለምወድ ነው ወይስ ኃጢአቴን ልሸፍን? ራሴን ጠይቄ ጠይቄ ደክሞኛል። እንስሶቹን እወዳቸው ነበር። እየሸፈንኩም ነበር።

አንድ ጊዜ ውሾቻችሁን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ታስታውሱ ይሆናል። ከአብደራፊ አንዲት ልጅ የላከችው ፎቶ ላይ አንድ የሰሊጥ መጋዘን ጠባቂ በውሾች ተከቦ ተቀምጧል። «ይህ ሰው ከራሱ ጉሮሮ ነጥሎ ነው የሚያበላቸው፤ ብሎግሽ ላይ አውጪልን» ብላ ጽፋለች። ፊቱን አየሁት። ጺሙ ሸብቷል። ይመር ነበር። እኔ ያንን ሁሉ አድርጌበት፣ ሰው ሁሉ በውሻ ምክንያት አሳዶት፣ እሱ አሁንም ውሻ እያበላ ነበር።

ፎቶውን አላወጣሁትም። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ መኪና እየቀያየርኩ አብደራፊ ሄድኩ።

መጋዘኑ በር ላይ አገኘሁት። አላወቀኝም። አግዳሚውን ጠራርጎ እንድቀመጥ ጋበዘኝ፤ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኩት። ስለ ሹፌሩ፣ ስለ መርዙ፣ ስለ ጣሳዋ፣ ስለዚያች ቃል። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢያደርገው እወድ ነበር።

«ሲሞት ተሠቃየ?» አለኝ።

የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነበር። ልዋሸው ፈለግሁ። «አዎ፣ ጋሽ ይመር፣ ተሠቃይቷል» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ቀን ኮኪት ላይ ለመብረቅ እንዲያለቅስ እንኳ ሳይፈቅዱለት ነው ያባረሩት፤ ያለቀሰው አሁን ነው። ዓይኑን በጋቢው ጠርጎ ሲመለስ ድምፁ ጸጥ ያለ ነበር። ገንዘብ እንደማይፈልግ፣ ለእሱ ብቻ መንገሬም ምንም እንደማይጠቅመው ነገረኝ። እናቱ ወሎ ውስጥ የሞቱት ልጃቸው ያጎረሰውን እጅ የነከሰ ነው የሚለውን ወሬ ሰምተው ነበር።

«ስሜን የጣልሽው ኮኪት ነው» አለኝ። «እዚያው አንሺልኝ። እኔም ቆሜ ልስማ።»

ኮኪት ላይ የውሾች ነፃ ክትባት ለማድረግ ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር ተነጋግረን ቀን ቆርጠን ነበር። ያን ዓመት ያበደ ውሻ ሰው ነክሶ ስለነበር ሕዝቡ ፈርቷል፤ ውሾቹን ሁሉ እንግደል የሚሉም ነበሩ። በብሎጉ ስወተውት ከርሜ ነው ክትባቱ የተሻለ መሆኑን የተቀበሉት። ለይመር በዚያ ቀን እንዲመጣ ነገርኩት።

ዕለቱ ሲደርስ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። የኮኪት ሰው ውሻውን በገመድ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በትራክተር ቀበቶ ሳይቀር አስሮ መጥቷል። የገበያው ሜዳ በጩኸት ተሞላ። አንድ ባለ እርሻ ሦስት ውሾቹን በፒካፕ ጭኖ መጣ። እትዬ ዘርፌ አርጅተው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ከጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከመብረቅ በኋላ ሌላ ውሻ አላሳደጉም፤ የመጡት ሊያዩ ነው። አባቴም ነበር። ሰዉ እኔን እያመሰገነ፣ ንግግር አድርጊ ብሎ ድምፅ ማጉያውን ሰጠኝ።

ያዝኩት። ይመር ከሕዝቡ ኋላ፣ አንዲት ቡናማ ውሻ በገመድ ይዞ ቆሞ አየሁት። ማመስገን ብቻ፣ ስለ ክትባቱ ብቻ ብናገር ማን ያውቅብኝ ነበር?

«የእትዬ ዘርፌን መብረቅ የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «በይመር ጣሳ መርዝ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይመር እጁ የለበትም። እናንተ ያባረራችሁት ንጹሕ ሰው ነው። እነሆ፣ ኋላችሁ ቆሟል።»

ሕዝቡ ዞረ። አባቴ ባርኔጣውን ደፍቶ ከሜዳው ወጣ። አንዲት ሴት ጮክ ብላ ረገመችኝ፤ ይገባኛል። እኔን ግን ብዙም ያየኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚያየው እትዬ ዘርፌን ነበር። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ጥለው ተነሱ። ሊደግፏቸው የተጠጉትን በእጃቸው ከለከሉ። በሕዝቡ መሃል መንገድ ተከፈተላቸው፣ እየተንገዳገዱ ይመር ጋ ደረሱ። ጉልበቱ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ቀድሞ ያዛቸው።

«እንዴት እናት ልጇ ላይ ትተፋለች?» አሉት።

«አብሽሩ እማማ፣ ምራቁ ደርቋል» አላቸው። የወሎ አነጋገሩ አልተለወጠም።

ከዚያ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ እልልታ ተነሳ። ያን ጊዜ ጓል የወረወሩት ልጆች አሁን ጎልማሶች ናቸው፤ አንዱ መጥቶ የይመርን እጅ ሳመ። ሌላው አቀፈው። ያኔ አንገቱን ይዘው ካስነሱት ሰዎች አንዱ በሽምግልናው መጥቶ ድንጋይ ተሸክሞ ፊቱ ቆመ፤ ይመር ድንጋዩን ከትከሻው አውርዶ ጣለለት። ያቺን ቡናማ ውሻ ከሁሉ በፊት አስከተቡለት። የባለ እርሻዎቹ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ፣ ሰዉ እየጨፈረ፣ ይመርን መሃል አድርገው በኮኪት ዋና መንገድ አዞሩት። አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር የሚሄደው። እትዬ ዘርፌ ክንዱን ይዘዋል።

ማታ ላይ ቤታቸው ሄጄ በር ላይ ተንበረከክሁ። ይቅርታ ጠየቅሁ። እትዬ ዘርፌ ለይመር ራት እያቀረቡ ነበር፤ ቀና ብለው አዩኝ።

«የይመርን ይቅርታ ለምኜ ሳልጨርስ ያንቺን አልጀምርም» አሉኝ።

እስካሁን አልጀመሩትም። ትክክል ናቸው።

እናንተም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ፈርቼ ነበር አልልም፤ ከዚያ ወዲህ ስንት እንስሳ አዳንኩ ብዬም አልቆጥርላችሁም። የገደልኩት እኔ ነኝ። ሰው ያሰደድኩት እኔ ነኝ። ግን ያን ቀን፣ ከሜዳው ዳር ብቻዬን ቆሜ፣ ይመር በእልልታ ሲያልፍ አይቻለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደስታው የሱ ነበር፤ እኔ ለማየት የማይገባኝ ሆኜ አየሁት።