ስንተኛ ምርጫዋ ነበርን

የከተማችን ስም በጠርሙስ ላይ ተጽፎ አገር ምድሩን ይዞራል። ውሃዋን ሁሉም ይጠጣል፤ ልጄ እዚያ ተመድቦ በተማረልኝ ብሎ የሚሳል ሰው ግን አላጋጠመኝም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም። ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ በቀረው የሬጅስትራር ሥራዬ፣ አዲስ ተማሪ የምቀበለው እኔ ነኝ።

በየዓመቱ መናኸሪያው በር ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ጨርቅ ዘርግተን እንቆማለን። ከአውቶቡስ የሚወርደው ልጅ ሻንጣውን ከጣሪያ ሳያስወርድ፣ ሽንት ቤቱ በየት እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ፣ «ጋሼ፣ ቅያሬ ይቻላል?» ይለኛል። መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «ውሳኔው የእኛ አይደለም» እላለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ አጠገቤ ቆማ ለእናቷ ደወለች። «ደርሻለሁ። አይ፣ ምንም አይልም» አለች። ያቺ «ምንም አይልም» የዚያን ቀን ምሳዬን አስጠላችኝ። ከተማዬን፣ ግቢዬን፣ የራሴን ዕድሜ ጭምር ነው «ምንም አይልም» ያለችው።

ለመሆኑ የአንድን ዩኒቨርሲቲ ክብር የሚወስነው ማን ነው? መምህራኑን ብትጠይቁ ጥናትና ምርምር ይሏችኋል። አለቆቹ አዲሱን ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ያሳያሉ። ከላይ የሚመጡት ደግሞ ቅጽ ይዘው መጥተው፣ ሞልተው ይሄዳሉ፤ የሞሉትን አናየውም። እኔ የማምነው የባለቤቴን እህት ሚዛን ነው። እጃጂ ገበያ ላይ በቆሎና ጤፍ ትነግዳለች፤ ፊደል የቆጠረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። «አንዲት እናት ልጇ የት እንደደረሰ ስትናገር፣ አጠገቧ ያለችው ‹ውይ ታድለሽ!› ካለች ትልቅ ነው። ‹ጎሽ፣ ዋናው ጤና ነው› ካለች ትንሽ ነው» ትላለች። በዚህ ሚዛን እኛ ሁልጊዜ ዋናው ጤና ነን። ለባኮ ሰው ቅርብ ነን፣ ለጊንጪ ሰው ቅርብ ነን። በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ።

በእርግጥ ሁሉም እንደዚያ አልነበረም። አንድ የደንዲ ገበሬ ልጁን ሊያስመዘግብ መጥቶ፣ የቢሮዬ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን በቅጠል ጠረገ። «ግባ እንጂ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ» ብለው «ቆይ፣ እዚህ እንዲሁ አይገባም» አለኝ። ከሄደ በኋላ ከባልደረባዬ ጋር ሳቅንበት። አሁን ሳስበው ያ ሰውዬ ግቢያችንን ያከበረውን ያህል እኔ አንድ ቀን አክብሬው አላውቅም።

የልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የመጣ ጊዜ፣ ቤታችን ሁለት ቀን ሙሉ ቴሌቪዥን የከፈተ የለም። ሁላችንም እሷን ነበር የምናየው። የትም የሚያስገባ ውጤት ነበር። እሷ ግን ከደብተሯ አንድ ቅጠል ቀዳ የዩኒቨርሲቲዎቹን ስም በተራ ጻፈችና ሰጠችኝ። አንደኛ ላይ የእኛ ነበር።

«እዚሁ?» አልኳት።

«እዚሁ አባዬ። ደረቴ ሲያፍነኝ እማዬ ታውቅበታለች። ደግሞ አንተስ እዚያው አይደለህ?»

ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስም አለባት። አቧራ ሲነሳ፣ አየር ሲለወጥ ይነሳባታል። ዝርዝሯ ታች፣ መጨረሻው ተራ ላይ የጻፈችው ቆላ ያለውን ባለ ትልቅ ስም ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወዲያ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሙቀቱንና አቧራውን ፈርታ ነው መጨረሻ ያደረገችው።

በእኛ ከተማ አንድ ልማድ አለ። ምርጫ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፤ የትምህርት ቤቶቹ ኮምፒውተር ክፍል ግን ሰልፉም አያልቅ፣ ኔትወርኩም አይጸና። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያለው ሁሉ የልጁን መለያ ቁጥርና የይለፍ ቃል በብጣሽ ወረቀት ይዞ ይመጣል። በምርጫ ሰሞን ጠረጴዛዬ ላይ የሰፈሩ ልጅ ዕጣ ፈንታ በብጣሽ ወረቀት ተደርድሮ ይውላል። ስንቱን ሞላሁ! ተከራክሬ አውቃለሁ፤ «ይሄን ወደ ላይ ብታደርገው» ብዬ መክሬ አውቃለሁ። የማንንም ተራ ግን ሳልጠይቅ ነክቼ አላውቅም። የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን እጄ ታማኝ ነበር።

የልጄን ልሞላ በተቀመጥኩበት ጠዋት ያ ባልደረባዬ ገባ። «ያንተዋ የት ሞላች?» አለኝ።

«እዚሁ።»

«እዚሁ?» አለ። «በዚህ ውጤት?» ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወጣ።

ያቺ ትከሻ መታ ማድረግ ለቅሶ ቤት የሚደረገው ዓይነት ነበረች። ተናደድኩ፣ አፈርኩም። ልጄ መናኸሪያ ስትወርድ ካየኋቸው ሁሉ ጋር ታየችኝ፤ ሳትሄድ «ምንም አይልም» ስትል ሰማኋት። የደብተሩን ቅጠል ገለበጥኩት። የታችኛውን ወደ ላይ አወጣሁ፣ የእኛን ወደ መጨረሻው ተራ አወረድኩ፣ «አረጋግጥ» የሚለውን ተጫንኩ። አሥር ሴኮንድ አልፈጀም።

ምደባው ሲወጣ ቆላ ደረሳት። ጓዳ ገብታ አለቀሰችና ዓይኗን ጠርጋ ወጣች። «ኮምፒውተሩ ነው አይደል አባዬ?» አለችኝ።

«ኮምፒውተሩ ነው» አልኳት።

የባለቤቴ እህት ከእጃጂ ቅቤ ይዛ መጣች፤ ገና በሩን ሳትዘልቅ «ውይ ታድላችሁ!» አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ያቺን ቃል እየደጋገመ ገባ፣ ወጣ። መዋሸት አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ሻንጣ ስታዘጋጅ እኔ መንገድ ላይ የሚያቆመኝ ሰው እንዲበዛ ቀስ ብዬ እሄድ ነበር።

የመጀመሪያ ዓመቷን ስትጀምር እኛ ግቢ አንድ ስብሰባ ተደረገ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ወደ እኛ እንዛወር የሚሉ ተማሪዎች በዝተው ነበር። የዝውውር ኮሚቴው ሰብሳቢ የዚሁ አገር ልጅ፣ ለግቢው ሟች የሆነ ዶክተር ነው። «ሲመርጡ ያልፈለጉን፣ ሲቸግራቸው መጠለያ ያደርጉናል። እኛ ራሳችንን ካላከበርን ማን ያከብረናል?» አለ። እውነቱን ነበር፤ አንጀቴን አራሰው። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፣ ድምፅ የለኝም። ያን ቀን ግን እጄን አወጣሁ። «በምርጫ ጊዜ መጨረሻ ተራ ላይ ያስቀመጠን አመልካች አይስተናገድም ብለን ብናስገባስ?» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። በራሴ እጅ፣ በጥሩ ጽሕፈቴ ጻፍኩት። የራሴ ልጅ ማዶ ናት፣ እኔን ምን ይነካኛል? ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው የሚለውን ተረት እኔው ራሴ ለስንቱ ተርቼው አውቃለሁ።

ልጄ ቆላውን አንድ ዓመት ተኩል ታገለችው። በስልክ ስታወራ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ትንፋሿ ይቆማል፤ «ደረጃ ወጥቼ ነው» ትለናለች። ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ተኛች። በሁለተኛው እናቷ ሄዳ ይዛት መጣች። ከአውቶቡስ ስትወርድ ያየሁት አንገቷን ነው፤ አጥንቱ ወጥቶ ነበር። ሐኪሞቹ ወደዚያ አየር እንዳትመለስ ብለው ጻፉላት። የዚያኛው ዩኒቨርሲቲ መልቀቂያ ሰጣት፤ የሚቀበላት ካገኘች መሄድ ትችላለች። ካላገኘች ግን የሕመም ፈቃዷ ጊዜ ሲያበቃ ወይ ትመለሳለች፣ ወይ ትምህርቷን ትተወዋለች።

የዝውውር ማመልከቻዋን እኔው መዘገብኩት። ቤት ውስጥ ሁሉም አልቋል ተብሏል። እናቷ የልጅቷን አልጋ ወደ መስኮቱ አዞረችላት። «አባቷ እዚያው እያለ!» ይላል ጎረቤቱ።

ኮሚቴው የተሰበሰበ ዕለት «የራስህ ጉዳይ ስለሆነ ውጣ» አሉኝ፤ ደንብ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የምርጫ ተራዋን ከሲስተሙ አትመው እንደሚያዩት አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ቅጹን ያወጣሁት። በሩን ከፍቶ ገብቶ መናገር ይቻል ነበር፤ አልገባሁም። ሲጨርሱ ሰብሳቢውን ቢሮው ድረስ ተከተልኩት።

«ዶክተር፣ ምርጫውን የሞላሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «እሷ አንደኛ ነበር ያደረገችው። እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ የከፋው ሰው ድምፅ ነው የወጣው።

«ታዲያ ይሄ አይብስም? የራሳችን ሰው ለልጁ መጨረሻ ካደረገን፣ ሌላው እንዴት ይምረጠን?» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን በጽሑፍ ካመንክ የተማሪ ምርጫ ቀይረሃል ተብለህ ትጠየቃለህ። እሷንም አይጠቅማት፤ ሲስተሙ የሚያውቀው የተሞላውን ነው። ይቅርታ፣ ውሳኔው የእኔ አይደለም፣ የኮሚቴው ነው» አለ።

ያን ዓረፍተ ነገር ስንት ሺህ ጊዜ ለሰው እንደተናገርኩት ብቻ ነው የማውቀው፤ ሰው ሲሰማው እንዴት እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ለካ መልስ የለውም። የምትጮኽበት ሰው ፊትህ የለም፤ የተቀመጠው ሰው ደግሞ እውነትም አዝኖልሃል።

ደብዳቤው በማግሥቱ ደረሰኝ። ማኅተሙ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። «አመልካቿ በምርጫ ወቅት ተቋማችንን በመጨረሻ ተራ ያስቀመጡ በመሆኑ ጥያቄያቸውን ለማስተናገድ እንቸገራለን» ይላል። መታሁበት፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ቤት ስደርስ ሰጠኋት። ልናገር ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ቃሉን ስደረድር ነው የመጣሁት። እሷ ግን አንብባ ሳቀች።

«አባዬ ይሄማ ስህተት ነው! እኔ አንደኛ ነው ያደረግኩት፣ ወረቀቱን ራሴ ጽፌ ሰጥቼህ የለ? የሌላ ሰው አይተው ነው። ነገ ንገራቸውና ያስተካክሉታል» አለች። ፊቷ ላይ የፍርሃት ምልክት አልነበረም። ጭራሽ ቀለል ብሏት ነበር።

እናቷ ወደ እኔ ዞር አለች። ባለቤቴ አብራኝ ስትኖር ሠላሳ ዓመት ሊሆናት ነው፤ ፊቴን ታነበዋለች። «ማል ጎና፣ ምን እናደርጋለን እንግዲህ» ብቻ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ እራቴን ታቀርብልኛለች እንጂ አብራኝ አትቀመጥም።

እኔም «እሺ» አልኩ፤ ልጄን «እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። በማግሥቱ ስመለስ «ምን አሉህ?» ስትለኝ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አልኳት። በሦስተኛውም ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ። የፈቃዷ ጊዜ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ቀኑን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሌሊት ሌሊት አይደለም የምፈራው፣ ከሥራ መውጫ ሰዓትን ነው። ከግቢው በር እስከ ቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት ነው፤ አንድ ሰዓት እፈጅበታለሁ።

ዛሬ አራተኛው ቀን ነበር። በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ስብሰባ ላይ ናቸው» አልኳት፣ ሳትጠይቀኝ።

አልከፋትም። እንዲያውም አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። «አንተ ሰው ማስቸገር አትወድም፣ አውቅሃለሁ» አለች። «ነገ አብሬህ እመጣለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ከፍተው ያሳዩኝ፣ ስህተቱን እኔው አሳያቸዋለሁ።»

ከዚያ ነጩን ሸሚዟን አወጣችና ካውያውን ሰካች።