ለእኔ ጆሮ የተለካ

ታላቅ እህቴ ከዐረብ አገር ስትመለስ ሁለት ሻንጣ ይዛ ነበር። በአንደኛው ለእናታችን፣ ለእኔና ለጎረቤት የሚታደል ልብስና ሽቶ መጣ። ሁለተኛውን ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ጋፋት፣ እናታችን ቤት፣ አልጋው ላይ አጋድማ ስትከፍተው ላፕቶፕ፣ ማይክራፎን፣ የተጠቀለለ ገመድና በፎጣ የተሸፈነች ትንሽ የድምፅ መቅጃ ሳጥን ወጡ። እማ ገመዱን በሁለት ጣቷ አንስታ አየችውና ያን ሁሉ ዓመት የሰው ቤት የጠረግሽው ለዚህ ነው ወይ አለቻት። እህቴ ሳቀች።

"እማ፣ በዚህ ገመድ እንጀራዬን እበላለሁ። ካልበላሁበት ተመልሼ እሄዳለሁ።"

እማ የኋለኛውን እንደ ቀልድ አለፈችው። እኔ ግን የእህቴን ፊት እያየሁ ነበር። ስትናገረው አልሳቀችም።

ደብረ ታቦር ላይ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ያለች ክፍል ተከራየን። ግድግዳውን ከጉና በግ ፀጉር በተሠራ ባና ሸፈንነው። ባናው የውጩን ድምፅ ያስቀራል፣ ብርዱንም ያስቀራል፤ ሽታውን ግን ማንም አላስቀረልንም። ክረምት ላይ የሚቀዳ ዘፋኝ በጎች መሀል የቆመ ይመስለው ነበር። ልብስ ሰፊው ሙስሊም ጎልማሳ ናቸው። ስንቀዳ የስፌት መኪናቸውን ሊያቆሙልን ተስማምተው ስለነበር በየመሀሉ በግድግዳው በኩል፣ ጨረሳችሁ ወይስ ደንበኛዬን ራቁቱን ልሸኘው እያሉ ይጮኹብን ነበር።

የሠርግ ዘፋኞችን፣ አዝማሪዎችን፣ አንዳንዴም የሰንበት ተማሪዎችን እንቀዳለን። ግጥሙ የእኔ ነው። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ ቦታ ተቀምጬ መዋል ስለማልችል አብዛኛውን የምጨርሰው መንገድ ላይ ነው። እህቴ ሚክስ ታደርጋለች፤ ማለትም የተቀዳውን ድምፅ ሁሉ በቦታ በቦታው ታስቀምጣለች፣ ማን ፊት ማን ኋላ፣ ማን ግራ ማን ቀኝ እንደሚሆን ትወስናለች። ያለ ትምህርት ቤት፣ አሠሪዎቿ ሲተኙ ከስልክ ላይ የተማረችው ነው። እጇ ፈጣን ነበር። እኔ ደግሞ ባለቅኔው ነኝ፤ ስትቆጣም ስትቀልድም የምትጠራኝ እንደዚያ ነው።

ችግሩን መጀመሪያ የነገረን የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከአንበሳሜ የመጡ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ የተጫወቱትን ሰጥተነው መንገዱን ሁሉ ሲያሰማው ሰነበተና አንድ ቀን መናኸሪያ ላይ አስቆመን።

"ሥራችሁ ጥሩ ነው። ግን አባባን እኔ ጭን ላይ ነው ያስቀመጣችኋቸው። በቀኝ በኩል የተሳፈረው ሰው ሒሳቡን መልስልኝ ሊለኝ ነው" አለ።

እውነቱን ነበር። ዘፈኑ ወደ ግራ ያደላል። ማሲንቆውም ድምፃቸውም በግራ ጎልቶ፣ ቀኙ ባዶ ቤት ይመስላል። እህቴ የመኪናው ድምፅ ማጉያ ነው አለች። ቀጥሎ ሁለት የሠርግ ዘፈኖች በዚያው መልክ ተመለሱብን። አንደኛው ደንበኛ ሌላ ቦታ፣ ባሕር ዳር፣ አሠርቶ አመጣውና ልዩነቱን ፊታችን ላይ አሰማን። እህቴ እሱ ከወጣ በኋላ ጥፋቱን በማዳመጫዎቻችን ላይ ጣለችው።

እውነትም ማዳመጫዎቻችን ርካሽ ነበሩ። ርካሽ ማዳመጫ ያቆላምጣል፤ ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ያሳብጣል፣ ቀጭኑን ያበራል፣ አንተም የሌለ ነገር ሰምተህ ሥራዬ አለቀ ትላለህ። እኛ የፈለግነው ገለልተኛ የሚሉትን ነው፤ የማይጨምር፣ የማይቀንስ። ከፎቶ ቤቱም፣ ከስልክ ሻጮቹም፣ ሠርግ ከሚቀርፁት ልጆችም ያለውን ሁሉ እየተዋስን መሞከር ጀመርን። መለኪያችን የእማ ድምፅ ነበር። እህቴ፣ እማ ስለ ድንች ስታወራ፣ ሳታሳውቃት ቀድታት ነበር። ያንን ድምፅ ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ስለዚህ ማዳመጫው ሲዋሽ ወዲያው እንይዘዋለን። በአንደኛው እማ እንስራ ውስጥ ሆና ታወራለች። በሌላኛው ጉንፋን ይዟታል። አንዱ ደግሞ አሳምሮ አሳምሮ የሬዲዮ ጋዜጠኛ አደረጋት፤ ያን ቀን በሳቅ ሞትን።

ማታ ማታ እህቴ ኢንተርኔት ላይ የማዳመጫዎችን የድምፅ ግራፍ ታያለች። ገለልተኛ ያልሆነው ቤዙ ጋ ተራራ ይሠራል። "ይኼ ጉና ነው፤ እኛ የምንፈልገው የፎገራን ሜዳ ነው" እያለች ታልፈዋለች። ሜዳማውን ስታገኝ ስሙን በቃሏ ትይዛለች።

በሁሉም ማዳመጫ ላይ ግን አንድ ቅሬታ ነበራት። ግራው ደካማ ነው። የፎቶ ቤቱም ግራው ደካማ፣ የስልክ ሻጩም ግራው ደካማ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስትመለስ ሳታየው አገላብጣ አደረገችው፤ ለቀኝ ጆሮ የሚሆነው ቀይ ምልክት ያለበት ግራዋ ላይ ነበር። ትንሽ ሰማችና አሁንም ግራው ደካማ ነው አለች። ቀዩ እኮ ግራሽ ላይ ነው አልኳት። አውጥታ አየችው።

"እንግዲያው ጆሮዬ ነው" አለች። ልቤ ከመደንገጡ በፊት ቀጠለች። "ቀዳዳው ጠማማ ነው። ጎማው በደንብ አይገጥምም፣ ድምፁ ያመልጣል። በልክ ማሠራት አለብኝ።"

የተናገረችው ትክክል ነው፤ የጆሮ ውስጥ ማዳመጫ በደንብ ካልገጠመ ድምፁ ይሳሳል። ለዚህም ሲባል የጆሮን ልክ ወስደው እንደ ጫማ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠሩ አሉ። እሷም ሜዳማ ግራፍ ካላቸው መሀል በልክ የሚሠራውን መረጠች። እዚያው ዐረብ አገር የቀረች ጓደኛዋ ልታዝዝላት ተስማማች። የቀረው የጆሮዋን ልክ አስወስዶ መላክ ብቻ ነበር። የመስሚያ መሣሪያ የሚገጥሙ ሰዎች ያንን ይሠራሉ ተብለን ባሕር ዳር ወረድን። መንገዱን ሁሉ ደስ ብሏት ነበር። ማዳመጫው ሲመጣ የአንበሳሜውን አዝማሪ እንደገና ጠርታ ልትቀዳቸው፣ ለሹፌሩም ልታስደምጠው፣ ከዚያ ደንበኛው ሁሉ ሲመለስ ሁለተኛ ክፍል ልትከራይ ታቅድ ነበር። ተመልሼ እሄዳለሁ የምትለውን ቃል ከተናገረችው ቆይታለች።

ባለሙያው ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ነው። ልኩ ከመወሰዱ በፊት ጆሮውን ማየት አለብኝ አለ። ቀኙን በትንሿ መብራት አየና አለፈ። ግራው ላይ ቆየ። መብራቱን አወጣ፣ ወንበሩን አስጠጋ፣ እንደገና አየ።

"እህቴ፣ በዚህ በኩል ተመተሽ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም አለች። ልጅ ሆና ጆሮዋን ታማ እንደነበር ነገረችው። አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው፤ ጆሮዋን ታማ አታውቅም። እኔ ወለሉን አየሁ።

ሰውየው መስታወት ወዳለበት ክፍል አስገባትና ድምፅ ስትሰማ እጇን እንድታነሣ ነገራት። እኔ ከውጭ ሆኜ አያታለሁ። በቀኝ በኩል ሲያሰማት እጇ ቶሎ ቶሎ ይነሣል። ከዚያ ጭኗ ላይ አረፈ። እሱ መዘውሩን ያዞራል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች፣ እጇ አይነሣም። ፊቷ የጥሞና ፊት ነበር፤ የሚመጣ ነገር እንዳለ ሁሉ።

ስትወጣ የጆሮ ታምቡሯ የተቀደደ መሆኑን፣ የቆየ መሆኑን፣ የጆሮ ሐኪም ሊያየው እንደሚገባ ነገራት። በዚያ ጆሮ ውስጥ ልክ መውሰጃውን ማፍሰስ አይቻልም፤ አደጋ አለው። የቀኙን ብቻ ከፈለገች ይወስዳል። በአንድ ጆሮ ሚክስ የሚያደርግ ሰው ግራና ቀኙን መለየት እንደማይችል ከእኛ መሀል መጀመሪያ የገባው ለእሷ ነበር።

"የሱን ይውሰዱለት" አለች እኔን እያሳየች። "ጆሮው ጤነኛ ነው።"

አይሆንም አልኩ። ተቀመጥ አለችኝ፣ ልጅ ሳለሁ ፀጉሬን ልትላጨኝ ስትል እንደምትለው። ተቀመጥኩ። ሰውየው ክር የታሰረበት ትንሽ ስፖንጅ ወደ ጆሮዬ ገፋ፤ በጥርሴ የምነክሰው የላስቲክ ቁራጭ ሰጠኝና እስኪጠነክር እንዳልናገር፣ እንዳልነቃነቅ አዘዘኝ። ሊጥ የሚመስል ሮዝ ነገር በሁለቱም ጆሮዬ ሞላ። ቀዝቃዛ ነበር። የመንገዱ ጫጫታ ጠፋ፣ የሰውየው የጫማ ኮቴ ጠፋ፣ የቀረው የራሴ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። እሱ ሌላ ታካሚ ሊያይ ወጣ።

እህቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ወንበሯን አስጠጋችና መናገር ጀመረች።

አንድም ቃል አልሰማሁም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ በዝግታ፣ ሳታቋርጥ፣ ጉልበቴን እያየች። መሀል ላይ ቀኝ እጇን ዘርግታ መዳፏን አሳየችኝ፣ ከዚያ መዳፉን ቀስ አድርጋ ግራ ጆሮዋ ላይ አሳረፈችው። ሁለት ጊዜ እንደዚያ አደረገች። አንድ ነገር ደግሞ በእጇ ለካች፤ ድስት ይሁን ሕፃን አላወቅሁም። ላስቲኩን ተፍቼ ልጮህ ፈለግሁ። ብጮህ ኖሮ ታቆም ነበር፤ የምትናገረውም ስለማልሰማት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ነከስኩት። እንባዬ ሲወርድ በጣቷ ጠረገችልኝ፣ እሷ ግን አላለቀሰችም።

ሰውየው ተመልሶ ልኩን ሲያወጣው ዓለም በአንድ ጊዜ ተመለሰ። ምን አልሽ አልኳት።

"ምንም። የመኪናውን ሰዓት እያሰብኩ ነበር" አለችኝ። ደረጃው ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘች። "ለእማ አትንገር።"

ማዳመጫው እስኪመጣ ድረስ የምታውቀውን ሁሉ አስተማረችኝ። እኔ ጆሮ ልሁን፣ አንቺ እጅ ሁኚ፣ አብረን እንሥራ ብዬ ለመንኳት። የማልሰማውን ሥራ የእኔ ነው ብዬ ሰው ፊት አላቀርብም አለች፤ ደግሞም ከክፍሏ የሚገኘው ገቢ ለሁለት ሰው አይበቃም። ማዳመጫው በአንዲት ተመላሽ ሴት እጅ ሲመጣ ከሳጥኑ አውጥታ በራሷ እጅ ጆሮዬ ውስጥ አስገባችልኝ። ልክክ አለ። የእማን ድምፅ ከፈተችልኝ። እማ መደቡ ላይ ተቀምጣ ስለ ድንች ታወራ ነበር፤ እንስራ የለ፣ ጉንፋን የለ፣ እማ ብቻ። እህቴ ፊቴን እያየች እንዴት ነው አለችኝ። ፎገራ ነው አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች፤ ልትሞክረው እንኳ አልጠየቀችም።

ገብስ ሳይታጨድ ሄደች። አሁን ሌላ አገር፣ ሌላ ቤት ናት።

እኔ ክፍሉን ይዣለሁ። ደንበኛ ይመጣል። በየሳምንቱ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች፤ ሥራው ቀላል እንደሆነ፣ ሰዎቹ ጨዋ እንደሆኑ፣ ለእማ ሰላምታ እንዳደርስ። ባለፈው የላከችውን ሥራ ላይ ሆኜ በማዳመጫው ሰማሁት። ደህና ነኝ ትላለች። ከድምፅዋ ጀርባ ድምፅ የሚመልስ ባዶ የሸክላ ግድግዳ አለ፣ የሚፈስ ውሃ አለ። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ ሩቅ፣ በዐረብኛ፣ አጭር። እህቴ ትንፋሿን ያዘች። ያው ድምፅ እንደገና መጣ፤ ቀርቦ። መልእክቱ እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ማን ነው የሚጮኸው ብዬ ጻፍኩላት።

ቴሌቪዥን ነው ብላ መለሰችልኝ።

የቴሌቪዥን ድምፅ ካለበት አይነቃነቅም። ያ ድምፅ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቃል መሀል ክፍሉን አቋርጦ ነበር። እሺ ብዬ ጻፍኩላት።

እሁድ ጋፋት ስሄድ እማ፣ እህትህ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። መልእክቱን በስልኩ ድምፅ ማጉያ ከፈትኩላት። በዚያ ሲሰማ ውሃውም የለም፣ ግድግዳውም የለም፣ ሴትዮዋም የለችም። ደህና ነኝ የምትል ልጇ ብቻ ናት። እማ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

"ተመችቷታል፣ ከድምፅዋ ያስታውቃል" አለች። "እስኪ ድገምልኝ።"

ደገምኩላት።