የምትፈታዋ ብሎን

የአሮጌ ትራክተር ማስነሻ ሞተሪኖና ዲናሞ ጠጋኙን ሰዎች «ብልጭታ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ለእጁ ሥራ እንጂ ለጠባዩ አይደለም፤ እሱማ ፈገግ ሲል ያየው ሰው ካለ ይመስክር። ታላቅ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። በቀብሩ ላይ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣውም። አክስቶቹ «ልቡ ድንጋይ ነው» ብለው አሙት፤ ሰምቶ ምንም አልመሰለው። ሆዱ ውስጥ ሐዘን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። በላ፣ ተኛ፣ ሥራ ገባ።

አንድ ነገር ብቻ ከአእምሮው አልወጣ አለው። ወንድሙ በሞተበት ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት ደውሎለት ነበር።

«ይቺ ጉደኛ ትራክተር ዛሬም አልነሳም አለች። ብቅ በልና እያት።»

«ጋሼ፣ ብሎኗ ላልታ ነው። ስንቴ ላስረዳህ? ቁልፍ ያዝና አጥብቃት!»

«እኔ ምን አውቄ። አንተ ና።»

«እሺ፣ እሁድ።»

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሙ ከተኛበት ሳይነሳ ቀረ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የወንድሙ ሚስት ደወለች። ዝናቡ ደርሷል፣ ሹፌር ቀጥራለች፣ ትራክተሩ ግን ባለቤቱ እንዳቆመው ነው። በዚህ ሳምንት ካልታረሰ የዘንድሮው ዘር በጆንያ እንደታሰረ ሊቀር ነው። ብልጭታ መሣሪያውን ይዞ ሄደ።

ትራክተሩ በቆርቆሮ መጠለያው ሥር ቆሟል። በዕድሜ ብልጭታን ይበልጠዋል፤ የቀድሞ ቀለሙ ምን እንደነበር የሚያስታውስም የለ። ሹፌሩ ወደ ባትሪው እጁን ሲሰድ ብልጭታ «እንዳትነካ!» ብሎ ጮኸበት። በዛሬ መኪና ከብረቱ አካል ጋር የሚታሰረው የባትሪው ኔጌቲቭ ነው፤ በዚህ ሽማግሌ ላይ ግን ፖዘቲቩ ነው። እንደለመደው ያሰረ ሰው ዲናሞውን አቃጥሎ ያርፋል።

ባትሪውን ለካ። ያን ያህል ጊዜ ቆሞ አለመድከሙ ገረመው። የሞተሪኖውን ካርቦኖች አየ፤ ገና አላለቁም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ወፍራሙን ገመድ ከአካሉ ጋር የምታስረውን ያችን የፈረደባትን ብሎን ፈለገ። መላላትስ ቀርቶ ጭራሽ የለችም። ገመዱ ተነቅሎ፣ ጫፉ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ከመቀመጫው ሥር አንድ የብሎን ቁልፍ አገኘ፤ ከቁልፉ ጎን የክብሪት ቀፎ። ብሎኗ ግሪስ ተቀብታ ቀፎው ውስጥ ተኝታለች።

በንዝረት የላላች ብሎን መሬት ትወድቃለች እንጂ ተቀብታ ክብሪት ቀፎ ውስጥ አትገባም።

«እትዬ፣ ይቺን ማን ፈታት?»

የወንድሙ ሚስት እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ማን ይፈታታል፣ እሱ ነዋ!»

«ለምን?»

«ስትጠፋበት ነዋ። ናፍቀኸኛል ና ማለት ያፍር ነበር። ብሎኗን ይፈታና ይደውልልሃል። አንተም እየተነጫነጭክ ትመጣለህ፣ ምሳችሁን አብራችሁ ትበላላችሁ። ምነው፣ የምታውቅ መስሎኝ!»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እየተመላለሰ ያችን ብሎን አጥብቋል። «አንተ ሰውዬ፣ ቁልፍ መያዝ መቼ ነው የምትለምደው?» እያለ ሲያሾፍበት ወንድሙ አንገቱን ደፍቶ ይስቅ ነበር። ብልጭታ እነዚያን ምሳዎች አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከረ። ያስታወሰው ለመሄድ መቸኮሉን ብቻ ነው።

ብሎኗን ቦታዋ መለሰና አጠበቃት፤ እጁ ሥራውን ያውቃል። ማስነሻውን ሲጫን ሞተሪኖው አንዴ አጉረመረመና ትራክተሩ ተነሳ። ጥቁር ጭስ መጠለያውን ሞላው፤ ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ተበተኑ።

ሹፌሩ ደስ ብሎት መቀመጫው ላይ ወጣ። «ጌታዬ፣ እርሻው መሃል ስደርስ ብሎኗ ብትፈታብኝስ?»

«ከእንግዲህ አትፈታም» አለ ብልጭታ።

ያለውን ራሱም ሰማው። ባዶውን የክብሪት ቀፎ እንደያዘ መሬት ላይ ዘጭ አለ፤ ትራክተሩ ከግቢው ወጥቶ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። የወንድሙ ሚስት ምሳ ደርሷል ልትለው መጥታ ነበር። እሷም አጠገቡ ቁጭ አለች።