ፋኖሱና ትልቁ ቦይ

የኦኖሪን ኦስሞን ችግር ሰባት ላሞችን በማይታይ መንገድ ማሻገር ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከውኃው ልጀምር። እኛ የዱቭ ወንዝ ሰዎች የምንኖረው ከኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ጥቂት ገባ ብለን ነው። ባሕሩ ሲሞላ ከሜዳችን ከፍ ይላል። ታዲያ እንዴት አንሰምጥም? በወንዙ አፍ ላይ ትልልቅ የእንጨት በሮች አሉ። ባሕሩ ሲመጣ ውኃው ራሱ ገፍቶ ይዘጋቸዋል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ወንዙ ከውስጥ ገፍቶ ይከፍታቸዋል። ባሕር በገዛ ጉልበቱ በራሱ ላይ በር ይዘጋል! ከዚህ የሚያምር የሰው ሥራ እስካሁን አላየሁም። ጀርመኖቹም ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ብቻ ገለበጡት። ባሕሩ ሲሞላ በሮቹን ከፍተው ይይዛሉ፣ ሲሸሽ ይዘጓቸዋል። ጦርነቱ በገባ በአምስተኛው የብርድ ወራት ሜዳችን ሐይቅ ሆነ። ከሰማይ የሚወርድ ጦር እንዳያርፍበት ነው ተባለ።

ውኃው ጥልቅ አልነበረም፤ ብዙው ቦታ ሰው ወገብ ላይ ይቀራል። ገዳዮቹ ቦዮቹ ናቸው። አያቶቻችን ሜዳውን ለማድረቅ በቆፈሯቸው ቦዮች ውስጥ ረጅም ሰው ቆሞ እጁን ቢያነሣ እንኳ ጣቱ አይታይም። ከላይ ሲያዩት ግን ሁሉም አንድ ውኃ ነው።

የኦኖሪን ቤት ከመሃሉ ጉብታ ላይ ደሴት ሆኖ ቀረ። ድርቆሹ ያለው ማዶ ነው። በመካከሉ በውኃው ሥር የተኛ ጠባብ የአፈር ድልድል ነበር፤ እሱን የሳተ ቦይ ውስጥ ይገባል። ባሏ አራት ዓመት ሙሉ ጀርመን አገር ምርኮኛ ነው፤ ቤት ውስጥ ያሉት እሷና እግሩ የማይታዘዘው አማቷ ሽማግሌው ዴዚሬ ብቻ ናቸው። እናም ረጅም ዘንግ ይዛ፣ ወገቧ ድረስ ገብታ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በዘንጉ እየነካች ድልድሉን ፈለገች። ባገኘችው ቁጥር በግራና በቀኝ የተላጠ ነጭ የአኻያ በትር ትተክላለች። አንድ ሳምንት ፈጀባት። በስምንተኛው ቀን ላሞቹ ተሰልፈው ተሻገሩ።

የጀርመኑ አሥር አለቃ በማግሥቱ መጣ።

«እመቤት፣ እነዚህ እንጨቶች ምንድን ናቸው?»

«የላሞች መንገድ።»

«ለእንግሊዝ አውሮፕላን ምልክት ነው ተብሏል። ነገ አንድ እንኳ እንዳላይ።»

ዴዚሬ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «እውነት ነው ጌታዬ» አለ። «ቸርችል ለሰባት ላም ሲል ነው ጦሩን የሚያዘምተው። ጡታቸውን አይተህ የለም?»

አሥር አለቃው አልሳቀም። ኦኖሪን በትሮቹን ሁሉ ነቀለች፤ ያለቻትን አንዲት ጀልባም ወሰዱባት። ደግነቱ ያን ጊዜ መንገዱን የእሷም የላሞቹም እግር ለምዶት ነበር።

አሁን ስለ ፋኖሱ ልንገራችሁ። በእኛ ረግረግ ሰው በጉም ሲጠፋና ሲጣራ የተሰማ ጊዜ፣ የሰማው ቤት ፋኖስ አብርቶ ከጎተራው ጫፍ ይሰቅላል። የጠፋው ሰው ግን ወደ ፋኖሱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ብርሃኑን በግራ ትከሻው ይዞ ይጓዛል፤ እግሩ ድልድሉን ሲያገኝ ያኔ ይታጠፋል። ይህን ለማንም አስተምረን አናውቅም፤ የጠየቀም የለም። እዚህ የተወለደ ሰው እንደ መራመድ ያውቀዋል።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ሌሊት ሰማዩ በአውሮፕላንና በጥይት ድምፅ ተናወጠ። ኦኖሪን በመስኮት ስታይ ጃንጥላዎች ይወርዳሉ፤ ከዚያ ውኃው ላይ የመውደቅ ድምፅ፣ ከዚያ የሰው ጩኸት። ፋኖሱን አነሣች።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ብርሃን የታየበትን ቤት እንደሚያቃጥሉ አታውቂም?» አለ ዴዚሬ።

«ሰዎች እኮ ጠፍተዋል አባባ።»

ሽማግሌው፣ «ክሩን ከፍ አድርጊው እንግዲህ» አላት።

ሰቀለችው። ጩኸቱ ወዲያው ጸጥ አለ። የብዙ እግር መንቦጫረቅ ወደ እሷ መጣ። መጀመሪያ ደስ አላት። ከዚያ ጆሮዋን ቀሰረች፤ ድምፁ ከድልድሉ በኩል አልነበረም። ቀጥ ብሎ ነበር የሚመጣው። በእነሱና በጎተራው መካከል ትልቁ ቦይ አለ።

«ወደ ቀኝ! በቀኝ በኩል ዙሩ!» ብላ ጮኸች። ቋንቋዋን የሚያውቅ የለም፤ ጭራሽ የሰው ድምፅ በመስማታቸው ፈጠኑ። ፋኖሱን ብታወርደው በጨለማ ይቀራሉ፤ ብትተወው ወደ ቦዩ ይመጣሉ። እጇን ወደ ማንጠልጠያው ዘርግታ እንደቆመች የመጀመሪያው ሰው ገባ። ውኃ ሰው ሲውጥ ብዙ ድምፅ የለውም። ሁለተኛው ገባ። ያኔ ዘንጓን ይዛ ሮጠች። ጀልባ የለ፤ ከቦዩ አፋፍ ሆና በጨለማው ዘንጓን ትሰድዳለች። አንድ እጅ ያዘው፤ ጎትታ አወጣችው። እንደገና ሰደደች። የያዘው የለም።

ሲነጋ ከባሕሩ በኩል የመርከቦቹ መድፍ መስኮቱን ያንቀጠቅጥ ጀመር። ያዳነችው ወታደር ዌንደል የሚባል አሜሪካዊ ነው። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ትኩስ ወተት ይዞ፣ ስድስት ጣቱን አሳያት፦ ስድስት ነበርን። ከዚያ ወደ ጎተራው ፋኖስ አመለከተና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። እያመሰገናት ነበር። ኦኖሪን ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

በባሕር የገባው ጦር በአራተኛው ቀን ከእኛ ዘንድ ደረሰ። ከቦዩ አራት ሰው አወጡ፤ እያንዳንዱ በወገቡና በጀርባው የራሱን ክብደት ያህል ዕቃ ተሸክሟል። በኋላ እኔ፣ ጎረቤቷ፣ ከእሷ ጋር ሲባጎ ወጥረን ለካን፤ እንድንለካ የጠየቀችኝ እሷ ናት። ከፋኖሱ ማንጠልጠያ እስከ ወረዱበት ቦታ ሲወጠር፣ አራቱ የተገኙበት ቦታ ከሲባጎው አንድ እርምጃ እንኳ አይርቅም። ስድስተኛው ሰው አልተገኘም። ጦሩ ሦስት ቀን ፈልጎ ወደ ፊት ሄደ።

በዓመቱ ደብዳቤ መጣ። የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስላለኝ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ዌንደል ነው የጻፈው፦ ብርሃንሽ አዳነኝ፤ ዛሬም ለልጄ እነግረዋለሁ። የጓደኛዬ የክላይድ እናት ግን አሁንም ወጥ ስትሠራ ለእሱ ድርሻ ታስቀምጣለች። ምናልባት ተገኝቶ ይሆን?

«መልሱን ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳት።

«ፋኖሱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ ብለህ ጻፍ።»

«እሱንማ ያውቃል፤ እያመሰገነሽ እኮ ነው።»

«አያውቅም» አለች። «በእነሱና በፋኖሱ መካከል ቦይ እንደነበረ አላወቀም።»

ዴዚሬ ከማዕዘኑ፣ «ሳትሰቅይው ብትቀሪ ስድስቱም በብርድ ያልቁ ነበር» አላት።

«ወይም ባሉበት ቆመው ሲነጋ ወገባቸው ድረስ ብቻ ረጥበው አገኛቸው ነበር አባባ። የትኛው ነው?»

እኔ ብዙ አስቤበታለሁ፤ የውኃውን ቅዝቃዜ፣ እስኪነጋ የቀረውን ሰዓት፣ የጥይቱን ድምፅ ሁሉ ቆጥሬ አይቻለሁ። አይወጣልኝም። ደብዳቤው እስካሁን መልስ አልተጻፈለትም።

በሮቹ ተጠግነዋል፤ ባሕሩ እንደ ድሮው በራሱ ላይ ይዘጋል። ሜዳው ከውኃ ወጥቷል፤ ቦዩ ግን ሁለት የብርድ ወራት ባመጣው ደለል ተሞልቷል። ኦኖሪን መጀመሪያ በአካፋ ሞከረች፤ ጠዋት ያወጣችው ጭቃ ማታ ተንሸራትቶ ይመለሳል። ጎረቤቶች፣ «ተይው፣ የብርድ ወራት ሲገባ በማኅበር እንጠርገዋለን» ይሏታል። በማኅበር ሲጠረግ ጭቃውን ማንም አያይም፤ እየተዛቀ ዳር ይጣላል። እሷ የምትፈልገው ጭቃው እንዲታይ ነው፤ ስድስተኛው ሰው እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሌላ ዘዴ አላት። ቦዩን አሥር አሥር እርምጃ ትከፍለዋለች። ክፍሉን በሁለት ወገን በሳንቃ ትዘጋለች፣ ባሕሩ በሸሸባቸው ሰዓታት ውኃውን በባልዲ ትቀዳለች፣ ጭቃውን እስከ ሰማያዊው ጠንካራ ሸክላ ድረስ በእጇ እየጨመቀች ታወጣለች። አምስት ክፍል ጨርሳለች። ያገኘችው አንድ የቆዳ ቀበቶ፣ ሁለት የዛጉ ቆርቆሮዎችና የጥንት የላም ቀንድ ነው። ዛሬ ስድስተኛውን ዘግታለች። ታችኛው ሳንቃ ውኃ ያሳልፋል፤ አንድ ባልዲ ስትቀዳ ግማሹ ይመለሳል። ባሕሩ ሊሞላ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቶታል። ጎንበስ ብላ ስንጥቁን በሣርና በጭቃ እየደፈነች ነው።