የፕላቲነሟ ወንፊትና የዶክተር ሞላ ዲን

በቤተ ሙከራው ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ ዶክተር ሞላ በኤሌክትሪክ ምድጃ የተከበበች የመስታወት ቱቦ አሳዩኝ። ውስጧ ካታሊስት የሚሏት፣ ራሷ ሳታልቅ ሌላውን ቶሎ የምታቃጥል የፕላቲነም ወንፊት አለ። «ይቺ ከእኔም ካንተም ትበልጣለች» አሉኝ። በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ ሁለተኛ ከየት ይመጣል?

ሥራችን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከአየር ጋር በወንፊቷ ላይ አሳልፈን የሚቃጠልበትን ፍጥነት መለካት ነበር። ጋዙን ብጨምር የሚፋጠን መስሎኝ ጨመርሁ፤ ጭራሽ ዘገየ። ጢም ብሎ የሚሞላውን የሐሙሲትን አውቶቡስ አስብ አሉኝ፤ ጋዙ የወንፊቷን ወንበር ሁሉ ከያዘው ኦክስጅን የት ይቀመጣል?

ዶክተር ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ናቸው። በስብሰባ ላይ አጉል እምነትን ሲያወግዙ ጩኸታቸውን ፈርቶ ፊት ወንበር የሚቀመጥ አልነበረም።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ጎብኚዎች ሊመጡ ሆነ። ሙከራችን ካላሳመናቸው ክፍሉ የመፈክር መጋዘን ይሆናል፣ ዶክተርም ወደ ቢሮ ይዛወራሉ ተባለ። ሰውዬው እህል አልበላ አላቸው። እኔም አንጀቴን በሉት።

የጉብኝቱ ዕለት ጠዋት ምድጃውን አሙቄ ጋዙን ለቀቅሁ። የመለኪያው መርፌ ወይ ፍንክች! ጋዙ እንደገባ ይወጣል። ኋላ አፍንጫዬ ነቃ፤ ክፍሉ ዲን ዲን ይሸታል፣ ያ ቡዳ ለማባረር የሚታጠነው። የአየር ፓምፓችን ደግሞ የሚስበው ከዚያው ክፍል ነው።

በሩን ዘግቼ ዶክተርን ማን እንዳጤሰ ጠየቅኋቸው። ጆሯቸው ቀላ።

«እኔ ነኝ። ትናንት ክፍሉን ሊያይ የመጣው ካድሬ፣ ዓይኑን አልወደድሁትም።»

ሳቄ አመለጠኝ። ዲን ፕላቲነምን እንደሚመርዝ፣ ወንበር ይዞ አልወርድም እንደሚል ተሳፋሪ እንደሆነ ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው።

መስኮቱን ከፈትሁ። ፓምፑን ነቅዬ የኦክስጅን ሲሊንደር አገናኘሁ፤ ዲኑ ተቃጥሎ እንዲወጣ ምድጃውን ከወትሮው በላይ አጋልሁት። እንግዶቹ በዚህ መሐል ገቡ። ዶክተር ምንም እንዳልሆነ ሰው ጠመኔ አንሥተው «ዛሬ የምናሳያችሁ ካታሊስት ተመርዞ እንዴት እንደሚድን ነው» አሉ። እኔ የምድጃውን ሙቀት ወደ ወትሮው መለስሁ። ጋዙን እንደገና ስለቅ መርፌዋ ተነሣች። ጓዶቹ አጨበጨቡ፤ ክፍሉም ዶክተርም ቀሩልን።

ከእንግዶቹ ጋር የነበረው የትናንቱ ካድሬ ሲወጣ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝ። «ይኸ የሚሸተኝ ዲን ለሰው ዓይንም ይሆናል ይባላል፤ የት ይሸጣል?» አለኝ። መራዊ ገበያ አልሁት።

ተተኪዎቼ ሆይ፣ የምላችሁ ይኸን ነው፤ ካታሊስት እምቢ ሲል መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደ ጨሰ እወቁ። ያጤሰውን ሰው ግን በሩን ዘግታችሁ ለብቻው ጠይቁት።