ወፎቹ ሥራ የያዙበት ዓመት

ደባርቅ ውስጥ አዲስ ፎቅ በሚሠራበት በኩል ሳልፍ፣ ከላይ የተለቀቀ ጣውላ ድንጋይ ላይ አርፎ «ቋ!» አለና ባለሁበት ቀጥ አልኩ። አብረውኝ የሚያልፉት የደነገጥኩ መስሏቸው «እሰይ ተረፍሽ!» አሉኝ። እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ ጆሮዬ በአንድ አፍታ አባቴ ደጅ አድርሶኝ፣ አጥንት ሰባሪው ከሰማይ የለቀቀው የበግ ቅልጥም ከቤታችን በላይ ባለው ጥቁር አለት ላይ ሲሰበር ሰምቼ ነው። ያን ድምፅ የማያውቅ ሰው የእኛን መንደር አውቃለሁ ቢል አላምነውም።

አጥንት ሰባሪ የምንለው፣ ከአፉ ሥር እንደ ጢም የሚንጠለጠል ጥቁር ላባ ያለው፣ ደረቱ የዛገ ብረት የሚመስል ትልቅ አሞራ ነው። ሥጋውን ለሌሎች ትቶ አጥንቱን ብቻ ይዞ ይነሣል፤ ከፍ ብሎ አለት ላይ ይለቀዋል፤ አልሰበር ካለው እንደገና ያነሣውና እንደገና ይጥለዋል፤ በመጨረሻም ወርዶ ስብርባሪውን ከነመቅኑ ይውጠዋል። በዓል አልፎ አጥንት ሲተርፍ፣ ውሻ ሳይቀድመን ወስደን አለቱ ሥር እናስቀምጥለት ነበር። ይህን ያደረግነው ለነፍሳችን ብለን እንዳይመስላችሁ፤ እኛም ከወፉ የምንፈልገው ነገር ነበረን።

ቤታችን ከደባርቅ ወደ ጨነቅ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ከዚያ በላይ ብዙም እርሻ በሌለበት ተረተር ላይ ነበር። ክረምት ሲገባ ጭጋጉ በጠዋት መጥቶ ቤቱንም በጉንም እኛንም ውጦ ይውላል፤ እናቴ ከሁለት እርምጃ ርቀት እየተጣራች ትፈልገን ነበር። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ግን ገብሱ ዝም ብሎ ያድጋል። ገብስ የእህል ንጉሥ ነው ይባላል፤ የእኛ ንጉሥ ግን አንድ ጠላት ነበረው፣ እሱም ውርጭ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ገብሱ ገና ሳይጠና ውርጭ ከያዘው በአንድ ሌሊት ነጭ ሆኖ ያድራል። ውርጩን ፈርቶ ቀድሞ ያጨደ ደግሞ ፍሬው ይመነምንበታል። የዓመቱ እንጀራችን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባሉት ጥቂት ቀናት ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

እነዚያን ቀናት የሚያውቀው አባቴ ነበር። አያቴ ለእሱ፣ የአያቴም አባት ለአያቴ እንዳስተማሩት፣ አጥንት ሰባሪዎቹ ክረምቱን ከላይ ከጨነቅ ገደል ይከርሙና ብርዱ ሲጠናባቸው ሰብሰብ ብለው ወደ እኛ አለት ይወርዳሉ፤ እነሱ በወረዱ በሳምንቱ ግድም ውርጩ ይከተላል። ስለዚህ ጥቅምት ሲገባ አባቴ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ይቀመጣል፤ የሚያልፍ የሚያገድመውም «ሞላ፣ እህሳ?» እያለ ይጠይቀዋል። አባቴም «ገና ናቸው» ይል ነበር። አንድ ቀን ደግሞ «ወርደዋል» ይላል። ያን ቃል የሰማ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ማጭዱን ይስላል፤ ወንፈሉም ተራ ይዞ ከማሳ ማሳ ይዞራል። አባቴ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ በዓመት አንዴ በሚናገራት በዚያች አንድ ቃል ግን ሀገር ሙሉ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እኔም በእሷ ስኮራ ለጉድ ነው።

አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ወፎቹ ያለ ጊዜያቸው ወረዱ። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው። እናቴ አንድ ዘለላ ቀጥፋ በጥፍሯ ብትጫነው ነጭ ወተት ወጣው፤ ይዛው መጥታ አባቴ አፍንጫ ሥር አቆመችው።

«አንተ ሰው፣ ይኸው ገና ወተት ነው። ትንሽ ብንታገስ ምናለ?»

«ብርዱን ወፉ ከእኔም ከአንቺም አብልጦ ያውቃል» አላት። ትንሽ ቆይቶም ደጅ ወጥቶ «ወርደዋል» አለ።

መንደሩ በሙሉ አጨደ። እየዘፈነ፣ እየተቀላለደ፣ አረንጓዴውን ገብስ ከሥሩ ቆረጠው። ከዚያ ውርጩን መጠበቅ ጀመርን። ሳምንቱ አለፈ፣ ውርጭ የለም። ጥቅምት አልቆ ኅዳር ገባ፣ ፀሐይዋ በየቀኑ እየሞቀች ትወጣለች። ክምሩ ላይ ያለው ገብስ ተጨራመተ። ሳይታጨድ ቢቆይ ኖሮ ያች ፀሐይ ወርቅ ታደርገው እንደነበር ሁሉም ያውቅ ነበርና፣ ሰው ፀሐይ ላይ አፍጥጦ ሲናደድ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በጋው ክፉ ነበር። አውድማ ላይ እህሉ በመንሽ ሲነሣ፣ ነፋሱ ገለባውን ብቻ ሳይሆን ፍሬውንም ይዞት ይሄዳል፤ ክብደት የለውማ። አባቴ በጎቻችንን ነድቶ ዛሪማ ወረደና በማሽላ ለውጦ ተመለሰ። የገብስ ልጅ ማሽላ ሲበላ ያለውን ለቅሶ ለታናሽ ወንድሜ ተዉለት፤ በየማዕዱ እንደ ሙሾ ያወርደው ነበር። ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ቀለዱ፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እየተባለ ተሳቀ። በኋላ ግን ቀልዱ ቀርቶ ዝምታ መጣ፤ እሱ ባሰ። ልጆች አለቱ ላይ ያረፉትን ወፎች በድንጋይ ያባርሩ ጀመር። በአባቴ ደጅ የሚያልፈው ሰው ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቀዋል እንጂ «እህሳ?» የሚለው ጠፋ። እናቴ የምትፈራው ሌላ ነበር፤ የሚቀጥለው ዓመት ወንፈል የእኛ ተራ ሲደርስ ማንም ባይመጣስ? ያን ተረተር በአራት እጅ ማን ሊያጭደው? እኔ ስለ ማጨዱ አላሰብኩም። ያመመኝ አባቴ ፊቱን ከገደሉ አዙሮ መቀመጡ ነበር፤ አፈርኩለት፤ ያፈሩበትን ደግሞ ሁሉንም ጠላኋቸው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አባቴና እኔ ጠቦት ይዘን ደባርቅ ገበያ ወረድን። ጉዳያችንን ጨርሰን በከተማው ዳር ስንመለስ፣ የሥጋ ቤቶቹ አጥንት ከሚጣልበት ገደል አፋፍ ላይ አባቴ ድንገት ቆመ። አጥንት ሰባሪዎቹ እዚያ ናቸው። የእኛዎቹ። ጥቂቱ ክምሩ ላይ ይመርጣል፣ ጥቂቱ ያነሣል፣ የቀረው ጠግቦ ፀሐይ ይሞቃል። ያኔ ከተማዋ እያደገች፣ በመንገዱ የሚያልፈው መኪና እየበዛ፣ ሥጋ ቤቱም አብሮ እየበዛ ነበር። አባቴ ሲያያቸው ቆየ፤ ከእነሱ ወደ ተራራው፣ ከተራራው ወደ እነሱ ተመለከተ።

«ለካስ ሥራ ይዘዋል!» አለና ከትከት ብሎ ሳቀ። ከጥቅምት ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር፤ እኔም ምኑ እንዳሳቀው ሳይገባኝ አብሬው ሳቅሁ። መንገድ ላይ ነው ያስረዳኝ፦ በጥቅምት ከላይ ያወረዳቸው ብርድ ሳይሆን ይህ ማዕድ ነበር፤ የእኛ አለት ደግሞ መንገዳቸው ላይ ያለ ማረፊያ ነው።

ማታ ለእናቴ ሲነግራት «ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?» አለችው።

«በሰንበቴ ላይ እናገራለሁ።»

«ተው፣ አትናገር። ዝም ብትል ሰው ይረሳዋል።»

«ሰው ይረሳል፤ ጥቅምት አይረሳም። ወፉ እንደሆነ ለከርሞም ይወርዳል።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ በሰንበቴው ቤት ዳቦውን ቆርሶ ጠላውን ይዞ ሲቀመጥ፣ አባቴ ተነሣ። ጋቢውን ሲያስተካክል ከሴቶቹ መካከል ሆኜ አየሁት።

«መምሬ፣ ይፍቱኝ፤ አንድ ቃል አለችኝ» አለ፤ መምሬ ተገኘ የንስሐ አባታችን ነበሩ። «በጥቅምት ያሳጨድኋችሁ እኔ ነኝ። ልጆቹ ወፎቹን በድንጋይ እያሏቸው ነው፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ ነው። ወፉ አልዋሸም፤ እሱ የወረደው ለአጥንት ነው፣ ብርድ ነው ብዬ ያነበብሁት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ወፍ አይቼ ማጭድ አላስነሣም። ውርጩ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም።»

«አላውቅም» ሲል ድምፁ ተሰበረ። መምሬም «እግዚአብሔር ይፍታህ ሞላ። በል ቁጭ በል፣ ጠላህ እንዳይሞት» አሉት፤ አንዳንዱ ፈገግ አለ። ከጥግ አንዱ «እንግዲያ ማንን እንጠይቅ?» ሲል፣ እናቴ ከሴቶቹ መሀል «ውሃ እንጠይቅ» ብላ ተነሣች። ለዶሮዎቿ የምታስቀምጠው ውሃ፣ ገብሱ ከመመታቱ ጥቂት ቀናት ቀድሞ በስሱ እንደሚረጋ አይታለች። ከማሳው በላይ፣ ብርዱ ቀድሞ በሚረግጠው ቦታ፣ ሁሉም በገል ውሃ ያስቀምጥና ጠዋት ይየው አለች። አባቴ ቀና ብሎ ሲያያት ያን ያህል ዘመን አብሯት ኖሮ ገና ዛሬ ያወቃት ይመስል ነበር።

ክረምቱ እንደ ወትሮው በጭጋግ አለፈ። መስከረም ሳያልቅ ወፎቹ አለቱን ሞሉት፤ አንድ ሰው እንኳ ማጭድ አላነሣም። እኛ ልጆቹ ጎህ ሲቀድ ወደ ገሎቹ እንሮጥና ጣታችንን ነክረን «ውሃ ነው!» እያልን እንወርድ ነበር። ገብሱ አረንጓዴውን ጥሎ ቢጫ ለበሰ፤ ኅዳር በባተ ሰሞን አንድ ጠዋት ጣቴ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ በረዶ ነካ። እየጮህኩ ወረድኩ። ወንፈሉ በዚያኑ ቀን ተጠራ፤ ሽማግሌዎቹም ከሞላ ማሳ ይጀመር አሉ። እናቴ አይመጡ ይሆናል ብላ የሠራችው ወጥ ለግማሹ እንኳ አልበቃም፤ ከየቤቱ ሽሮ እየተዋሰች፣ እየሳቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ዋለች። ውርጩ የመጣው እህሉ ተከምሮ ካለቀ በኋላ ነበር።

ዛሬ ያ ተረተር ሌላ ነው። ያኔ ጓሳ እንጂ ሌላ የማይበቅልበት ከፍታ አሁን ገብስ ይዘራበታል፤ ብርዱ ወደ ላይ ሸሽቷል፤ ውርጩም ዓመት ይዘልና ባልታሰበ ወር ብቅ ይላል። ወጣቶቹ በስልካቸው የአየሩን ትንበያ ያያሉ፤ ስልኩ ግን የሚናገረው ስለ ጎንደር ነው። ወፎቹም በእኛ አለት ላይ እንደ ድሮው አይበዙም። እኔ አስጎብኚ ሆኛለሁና ጨነቅ ላይ ለእንግዶች የማሳያቸው ርቀው ሲያንዣብቡ ነው።

በቅርቡ የወሰድኳት እንግዳ በረዶ ከማይለየው ከፈረንጅ አገር ሰሜናዊ የባሕር ጠረፍ የመጣች የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነበረች። ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠን ወፎቹን እያየን ስለ አባቷ አወራችኝ። አባቷ ዓሣ ያለበትን የሚያውቀው የባሕር ወፎች በሚያንዣብቡበት ነበር። በኋላ ትልልቅ መርከቦች መጥተው የዓሣውን ሆድ ዕቃ ወደ ባሕር ይደፉ ጀመር፤ ወፎቹም መርከቦቹን ተከተሉ፤ አባቷ ወፎቹን ተከትሎ ቢሄድ ከዓሣው ይልቅ መርከብ ያገኛል። ባሕሩም እየሞቀ ዓሣው ወደ ባሰው ቅዝቃዜ ራቀ፤ ወፎቹ ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ ርቀው ይሄዳሉ፣ ጫጩቶቹም እየተራቡ ይሞታሉ። አባቷ ለጓደኞቹ መንገዱ ጠፋኝ ሳይል፣ እስከ መጨረሻው ወፎቹን እየረገመ ጀልባውን ሸጠ።

እኔም የአባቴን ነገርኳት። ወፎቹ ሥራ ያዙ ስላት በጣም ሳቀች፤ ሰንበቴው ላይ ስደርስ ግን ሳቋን ተወች። ስጨርስ ፊቷን ከወፎቹ ወደ እኔ መልሳ፣

«ከዚያ በኋላ ሰዉ ችግር ሲገጥመው ማንን ይጠይቅ ጀመር?» አለችኝ።

«አባቴን» አልኳት።